የንጉሡ ጦር

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከእናትሽ የጉልበት ሕመም በቀር ደህና ነን።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። አያትሽ በሕይወት ቢኖሩ ስሙን አንብበው በሩን በተሳለሙት ነበር። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የድጓ መምህር ልጅ ሆኜ፣ ሙዚቃ ልማር ብትዪኝ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አልሁሽ። እናትሽ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚወደው የትሏን ነው። አክሱም ላይ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን ሲገርፉት ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አየና ተመለሰ። ይህን እኔም በልጅነቴ ከአለንጋ ጋር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ድጓውን ግን አልዘለቅሁትም።

ሰሞኑን የሚመላለስብኝ የጦሩ ነው። አፄ ገብረ መስቀል ጦራቸውን ተደግፈው ዜማውን ሲሰሙ ጫፉ የያሬድን እግር ወጋው። ወጊውም ተወጊውም አልታወቃቸውም። ደሙ ሲታይ ንጉሡ ደንግጠው «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አሉት። ወርቅም ርስትም አልጠየቀም፤ «አሰናብተኝ» አለ። ቃላቸውን ሰጥተዋልና እያዘኑ ለቀቁት፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ልጅ ሳለሁ ያሬድ ይደንቀኝ ነበር። ዘንድሮ ግን የማስበው ስለ ንጉሡ ነው።

ፒያኖውን እየተማርሽ ክራሩንም እንዳትተዪው። በገናም እኮ በዚያው ግቢ ተሰጥቷል፤ ዓለሙ አጋ ያስተምሩበት ነበር። ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ የአያትሽ ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ ያሉትን ደቃቅ ምልክቶች ታስታውሻቸዋለሽ? በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የደከሙባቸው ናቸው። አንቺ ከምታነቢው ባለ አምስት መስመር ኖታ ጋር አስተያይተሽ አስረጂኝ። ሦስቱን የያሬድ ዜማዎች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በጆሮዬ እለያቸዋለሁ፤ በምን እንደሚለያዩ ተናገር ብባል ግን አፌ ይተሳሰራል።

ግንቦት 11 ለያሬድ በዓል መምጣት ከቻልሽ ክራሩን ይዘሽ ነዪ። ለጅማት መግዣ ጥቂት ብር ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ አትንገሪያት፤ እርሷም ከእኔ ደብቃ እንደላከችልሽ አውቃለሁ።

አባትሽ