ተስፋ በመግለጫ አይታደልም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ሕዝብ ለለውጥ የሚነሣው አስቀድሞ ተስፋ ሲሰጠው ነው የሚል አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል፤ ነገሩን ግን ከጭራው የያዙት መሰለኝ።

እኔ በአንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ቃለ ጉባኤ የምይዝ ሴት ነኝ። በስብሰባ የሚነገር ተስፋ ሁሉ በእጄ ያልፋል። «የዊልቸር መወጣጫው ጉዳይ በዚህ ዓመት እልባት ያገኛል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት አዳራሹ በጭብጨባ ተናግቶ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ መወጣጫው አልተሠራም፤ ቀድመው ከስብሰባ የጠፉትም አጥብቀው ያጨበጨቡት ናቸው። ዛሬም የሚመጡት ሥራ የተሰጣቸው ናቸው፦ ፊርማ የማሰባሰብ ተራ ያለባቸው፣ የጣት አሻራ ቀለሙን የሚይዙት፣ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አድርሰው ቁጥር የሚያስይዙት። አብዛኞቹ እንዲያውም ነጭናጮች ናቸው፤ ስለ ድል ሲወራ አይወዱም።

በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ውስጥ በዘር መለየትን ተቃውመው አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበትን አድማ ብዙዎች የሚያስታውሱት በመሪው በማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር ነው። እኔን የሚደንቀኝ የመኪናው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1955 ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ወንበሯን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ ከታሰረች በኋላ አድማው የተጠራው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፤ 381 ቀናት ዘለቀ። ሠራተኛው በጧት ከየት ተሳፍሮ የት እንደሚወርድ ቦታ ተወሰነ፤ ባለመኪኖች መኪናቸውን ሰጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም መኪና ገዙ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውላቸውን ሲያፈርሱ ዋስትናው ከለንደን ተፈልጎ ተገኘ። በኅዳር 1956 ከተማው ይህንኑ አገልግሎት ለማሳገድ ፍርድ ቤት ሄደ። ኪንግ በዋዜማው ለሕዝቡ ምን እንደሚል ጨንቆት እንደነበር በኋላ ጽፏል። በማግስቱ ችሎት ተቀምጦ ሳለ ነው በአውቶቡስ ውስጥ በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የደረሳቸው። መሪው ተስፋው በተሟጠጠበት ሰሞን እንኳ መኪኖቹ ሰው ያመላልሱ ነበር።

በኒውዚላንድም ኬት ሼፐርድና ጓደኞቿ የሴቶችን የመምረጥ መብት ለመጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1892 ፊርማ አሰባስበው ለፓርላማ አቀረቡ፤ ሁለቱም ጊዜ ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1893 ወደ 32,000 የሚጠጋ ፊርማ ይዘው ተመለሱ። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተጠቅልለው ነበር፤ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ተተረተሩ። በዚያው ዓመት መብቱ ተገኘ። ከዓመት ዓመት ፊርማው የበረከተው ሴቶቹ በየቤቱ ሲያንኳኩ ነው፤ ማንም ታሸንፋላችሁ ብሎ ዋስ አልሆናቸውም።

ብቻውን በእስር ቤት ለተዘጋበት ሰው ይህን ለመናገር አልደፍርም። ለእርሱ ተስፋ ሌላ ነገር ነው። ውጭ ላለነው ግን የሚያሟጥጠን ቀን የተቆረጠለት የድል ተስፋ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ዘጋቢዎቻችሁ ወደ እንደኛ ያለ ማኅበር ሲመጡ «ይሳካላችኋል ብላችሁ ታምናላችሁ?» ማለቱን ይተዉልን። የሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ማን እንደሆነና ምን እንደጎደለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ያትሙት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ