ለክለባችን ባለቤት ኩባንያ፦ ያለ ደጋፊው ፈቃድ ስለተቀየረው ማልያና ሒሳቡ ስላልቀረበው የአባላት መዋጮ የቀረበ ቅሬታ

ለኩባንያው የዳይሬክተሮች ቦርድ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

እኔ የዚህ ቅሬታ አቅራቢ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ክለቡ ገና የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በነበረበት ዘመን አባቴ እጄን ይዞ ሜዳ ካስገባኝ ቀን ጀምሮ ደጋፊ፣ ላለፉት ስምንት ዓመታት ደግሞ መታወቂያ ያለኝና መዋጮዬን ሳላቋርጥ የምከፍል አባል ነኝ። ቅሬታዬ ውጤትን አይመለከትም። መሸነፍም መውረድም ደርሶብን ያውቃል፤ ያኔም ከቡድናችን አልተለየንም። ቅር ያሰኘኝ ኩባንያችሁ ክለቡን ከተረከበ ወዲህ እኛን አባላቱን የያዘበት መንገድ ነው።

ክለቡ ከፋብሪካው ጋር ወደ እናንተ ሲተላለፍ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከሜዳው መካከል ቆመው ስሙና ቀለሙ እንደማይነካ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንደሚቀርብ ቃል ገብተውልን ነበር። ይህ ቃል በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ የኩባንያው ማኅተም አርፎበታል፤ ቅጂውም በደጋፊ ማኅበራችን ጸሐፊ እጅ ይገኛል። በዚያን ቀን ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር።

ይሁንና ዘንድሮ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተጫዋቾቻችን በኩባንያው ምርት ቀለም፣ በቀይና በወርቃማ ማልያ ተሰልፈው ፎቶ ሲነሡ ያየነው እንደማንኛውም የውጭ ሰው በቴሌግራም ነው። አረንጓዴና ነጩ ቀርቷል፤ አባቶቻችን የሠሩበትን ፋብሪካ የሚያስታውሰው የማርሽ ዓርማም ከደረቱ ላይ ተነሥቶ በንግድ ምልክታችሁ ተተክቷል። በመጀመሪያው ጨዋታ አስጨፋሪያችን የለመድነውን ዜማ ቢያነሣም «አረንጓዴው» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው አጣ።

በሜዳው በር ላይ ቡናና ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ለክለቡ ተጫውቶ ያለፈ ሲሆን፣ አጥበው አጥበው አረንጓዴው ወደ ግራጫ ያደላውን ሰባት ቁጥር ማልያውን በየጨዋታው ቀን ከረከቦታቸው ጀርባ ባለው ሸራ ላይ ይሰቅሉት ነበር። አዲሱ ማልያ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ የድሮው ዓርማ ያለበት ነገር በሜዳው ዙሪያ እንዳይታይ መታዘዙን ነገራቸውና አስወረዳቸው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ እንደ ነጠላ አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ሲከቱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ታዛዥ ነውና በእሱ አልፈርድም፤ ትእዛዙን የሰጠው የሥራ ኃላፊ ግን ማን እንደሆነ እንዲገለጽልንና እኚህ እናት በአካል ተገኝቶ ይቅርታ እንዲጠየቁ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የማልያ ቀለም ለአንድ ባለ ሀብት ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የዌልሱ ክለብ የካርዲፍ ሲቲ ባለቤት ቪንሰንት ታን እ.ኤ.አ. በ2012 ሰማያዊውን ማልያ በቀይ ሲለውጡ በእስያ ገበያ ይወደዳል ብለው አስበው ነበር፤ ነገር ግን ቡድኑ በዓመቱ ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቢያድግም የደጋፊው ተቃውሞ አልበረደም፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ሰማያዊው ተመለሰ። በኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ከተማ ደግሞ የመጠጥ አምራቹ ሬድ ቡል እ.ኤ.አ. በ2005 የከተማዋን ክለብ ገዝቶ የቆየ ሐምራዊ ቀለሙን ሲያስቀር ደጋፊዎቹ የራሳቸውን ክለብ መሥርተው ከታችኛው እርከን እንደ አዲስ ጀመሩ። እኛ ተገንጥለን ሌላ ቡድን የመመሥረት ሐሳብ የለንም፤ የምንፈልገው ይኸው የራሳችን ክለብ እንዲመለስልን ነው።

ሁለተኛውና ከማልያውም ይልቅ የሚከብደኝ የመዋጮው ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ አባል በየወሩ 50 ብር የሚከፍለው ለታዳጊዎች ሥልጠና እንዲውል ተብሎ ነው። ከፋዮቹ የጡረታ አበል የሚጠብቁ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ 50 ብር ከየትኛው ቤት ምን አጉድሎ እንደሚወጣ ለማንም የሚሰወር አይደለም። ኩባንያው ክለቡን እንደተረከበ በማኅበሩ ስም የነበረው የባንክ ሒሳብ ተዘግቶ ገንዘቡ ወደ ኩባንያው ሒሳብ እንዲገባ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም፣ የኦዲት ሪፖርት አልቀረበም፤ የታዳጊ ቡድኑ ልጆችም ዛሬ በየተራ በሚዋዋሱት ጫማ ይለማመዳሉ። ማኅበሩ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ቢጠይቅም ያገኘው መልስ ክለቡ የግል ንብረት ነው የሚል የቃል ምላሽ ብቻ ነበር። ክለቡ የግል ንብረት ከሆነ ከእኛ በየወሩ የሚሰበሰበው ገንዘብ በምን ስም ነው የሚሰበሰበው? ደንበኞች ከሆንን ለከፈልነው ደረሰኝና አገልግሎት፣ አባላት ከሆንን ድምፅና ሪፖርት ይገባናል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባለ ሀብት ወደ ክለብ ሲገባ፣ ከጥቂት ክለቦች በቀር፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በአባላት እጅ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደንብ አለ። እኛ ያን ያህል እንኳ አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው የገዛ መዋጯችን የት እንደገባ እንዲነገረን ነው።

የተጫዋቾቹን ደመወዝ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ሦስት ወር ሳይከፈላቸው ቆይተው፣ ከክፍለ ሀገር ለመጡት ሁለት ልጆች የቤት ኪራይ ያዋጣነው እኛ ደጋፊዎች ነን፤ ይህም የሆነው የኩባንያው አዲስ ማስታወቂያ በየአደባባዩ በተሰቀለበት ወቅት ነው። የፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ የተያዘበት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ልጆቹ ይህን መብታቸውን ሳይጠቀሙ የቀሩት ለማልያው ብለው መሆኑን ቦርዱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ስለሆነም ቦርዱ ውዝፍ ደመወዙን ከማናቸውም ጉዳይ አስቀድሞ እንዲከፍል፣ ኩባንያው ክለቡን ከተረከበበት ቀን ጀምሮ የገባውና የወጣው የአባላት መዋጮ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በሚጠራ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንዲቀርብ፣ የማልያው ቀለምና የዓርማው ጉዳይም በዚሁ ጉባኤ በአባላት ድምፅ እንዲወሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኩባንያው ስሙን በማልያው ላይ ማስተዋወቁን አልቃወምም፤ ስፖንሰር የሌለው ክለብ እንደማይዘልቅ አውቃለሁና በአረንጓዴውና በነጩ ላይ ለንግድ ምልክታችሁ የሚሆን ቦታ አይጠፋም።

ጉባኤው እስኪጠራ ድረስ የየወሩን መዋጮዬን በስሜ በተከፈተ የተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ ሪፖርቱ በቀረበ ማግሥት አንድም ወር ሳይጎድል ገቢ አደርጋለሁ። ምላሻችሁን በደጋፊ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክለቡ አባልና ደጋፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ግልባጭ፦
ለደጋፊ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለከተማው እግር ኳስ ፌዴሬሽን