ሐሩንና ቀለሙን ልኬልሻለሁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «ደህና ነኝ እማዬ» ትይኛለሽ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ እንደምታነጊው ግን ድምፅሽ ያሳብቃል። በስልክ አላወራ ያለኝን በወረቀት ልንገርሽ ብዬ ነው።

አባትሽ ያረፈ ሰሞን ቤታችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። አርባው ወጥቶ ለቀስተኛው ሲበተን ጭር አለ። ቀን ቀን ሥራ አላጣም፤ ሐዘኑ የሚበረታብኝ ሲመሽ ነው። ያኔ ጨርቃ ጨርቅ የተማረችው የጎረቤታችን ልጅ ሐር ላይ መሳል አሳየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥጥ ስፈትል ኖሬ እንዲህ ያለ ክር በእጄ ይዤ አላውቅም። ጥጥን አጫጭር ጭረቱን እያያያዝን ነው የምንፈትለው፤ የሐር ትል ግን ጎጆዋን የምትሠራው በአንድ ወጥ ክር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 900 ሜትር የሚረዝም።

ጨርቁ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ማጠንከሪያ ካልለቀቀ ቀለም አይጠጣም። ከደረቀ በኋላ ጠረጴዛውን እንዳይነካ በእንጨት ፍሬም ላይ በእስፒል ይወጠራል። ከዚያ ጉታ በሚሉት ወፈር ያለ ፈሳሽ መስመሩን ታሰምሪያለሽ። ጉታው ሲደርቅ ቀለሙን አያሳልፍም። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ከቀረች ግን ቀለሙ በዚያች ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ፍሬሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ መስመሩ መገጣጠሙን ሳላይ ብሩሽ አላነሳም።

ብሩሹ ሐሩን ሲነካ ቀለሙ በራሱ ይሄዳል። ክር ክሩን ይዞ ይሮጥና መስመሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አንቺ የምትወስኚው የት እንደምታስነኪ ብቻ ነው። ሰፊ ሰማይ እየቀባሽ እጅሽ ካረፈ ዳሩ ይደርቅና ምልክቱ አይለቅም፤ እርጥቡን ሳይደርቅ መቀጠል አለብሽ። በዚያ መሃል ሐሳብ የት ይገባል? የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ የመጨረሻዋ ሌሊት፣ «ምነው ያን ቀን እንዲህ ባልነው ኖሮ» የሚለው ሁሉ ውጭ ይቀራል። እኔን የጠገነኝ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨው ደግሞ አለ። ያልተፈጨውን፣ ጠጠር ጠጠር ያለውን፣ ሰማያዊው ገና እርጥብ ሳለ ጣል ጣል ታደርጊበታለሽ። እያንዳንዷ ጠጠር ውሃውን ከነቀለሙ ወደ ራሷ ትስባለች፤ ሲደርቅ አራግፈሽ ስታዪው ዙሪያዋ ፈዞ፣ ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ ታገኚዋለሽ። ሁለቴ አንድ ዓይነት ወጥቶልኝ አያውቅም።

የምስለው ጣናን ነው፤ ሌላ ምን እስላለሁ? ክረምት ግልገል አባይና ጉማራ ደለል ተሸክመው ሲገቡ የሚይዘውን ቡናማ፣ በጋ ሲጠራ የሚሆነውን ሰማያዊ፣ የደንገሉን አረንጓዴ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ ተሻግሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ሥዕሎች እንደ አዲስ አየኋቸው። አባቶቻችን ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ የለጠፏቸው ናቸው። ቀዩም ቢጫውም በጥቁር መስመር ተከቦ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እኔ በጉታ የምለፋበትን እነሱ በጥቁር ቀለም መስመር አድርሰውታል፤ አለቀስኩ፣ ግን ያ ልቅሶ እንደ ቤቱ አልነበረም።

እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሥዕሉ ሐኪሙን አይተካም። ጠበልሽንም አትተዪ። ከሥራ ስትገቢ ግን ስልኩን ከመክፈትሽ በፊት ፍሬሙን አውጪው።

በአውቶቡስ የላክሁልሽ ካርቶን ውስጥ አንድ ፍሬም፣ የተቆረጠ ሐር፣ ጉታና ሦስት ቀለም አለ፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ሌላውን ከነሱ ታደባልቂዋለሽ። የሰው ፊት አትጀምሪ፤ ቅጠል ወይም የታንኳ ቅርጽ ይበቃሻል። ቀለሙ በካውያ የሚጸናው ዓይነት ነው፣ በእንፋሎት የሚጸናው ለጀማሪ ያደክማል። በደንብ ሲደርቅ ከጀርባው በኩል ተኩሺው፣ በጣም አታግዪው። ጨው አልላክሁም፤ ከሰፈርሽ ሱቅ ግዢ።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፤ በየትኛው ቀለም እንደጀመርሽ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ
ከባሕር ዳር