ደብዳቤ ለልጄ፦ እማማ ዶሪንን ሳትጠይቂ እንዳታትሚው

ማሂዬ፣

እንዴት ነሽ? ናቲስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲሆን ያስቸግረኛል፤ የሜልበርንን ሰኔ ታውቂዋለሽ። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

የላክሽው የዘር ሐረግ ደርሶኛል። ወንድምሽ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ይኸው ሦስት ቀኑ። እናትሽ ሶፋ ላይ ምሳ መብላት ሰለቸኝ እያለች ታማርራለች። ጎበዝ ነሽ። ሌሊት ሆስፒታል እያደርሽ፣ ልጅ እያሳደግሽ፣ የባልሽን የማርክን ዘመዶች ከማዕድኑ ከተማ ከብሮክን ሂል እስከ ደቡብ አውስትራሊያዋ ሙንታ፣ ከሙንታ እስከ እንግሊዝ ኮርንዎል ተከትለሽ ደረስሽባቸው። የገዛ ልጆቻቸው ያልሠሩትን ምራታቸው ሠራችው።

ግን ወንድምሽ ሌላም ነገር ነገረኝ። የ1909 ጋዜጣ ላይ ስም አገኘች አለኝ። የማርክ ወገን የእማማ ዶሪን አያት አድማ ሰባሪ ነበሩ ብለሽ፣ የጋዜጣውን ቁራጭ ከሐረጉ ሥር አሳትመሽ፣ በፍሬም አድርገሽ ለዘጠና ዓመት ልደታቸው ልትሰጪ ነው አለኝ። እውነት ነው? ከሆነ ስሚኝ። እማማ ዶሪንን ሳትጠይቂ እንዳታትሚው።

አንቺ ሜልበርን ያደግሽ ልጅ ነሽ። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ማን ግድ አለው ትዪ ይሆናል። ብሮክን ሂል እንደዚያ አይደለም። በ1909 የማዕድን ኩባንያው ቢ ኤች ፒ ደመወዝ ልቀንስ ብሎ እምቢ ያለውን ሠራተኛ በር ዘጋበት። አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከ1919 እስከ 1920 አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ቆመ። ሰው ተራበ። በመጨረሻ ግን ከመሬት በታች የሚሠራው በሳምንት 35 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ተፈቀደ፤ በዚያ ዘመን ይህን ያገኘ ስንት ሠራተኛ ነበር? ከተማው እስከ ዛሬ የሚኮራው በዚህ ነው። እዚያ ከተማ ስካብ፣ አድማ ሰባሪ፣ ማለት እኛ አገር ባንዳ እንደ ማለት ነው። ሰውየው ቢሞት እንኳ ስሙ ልጅ ልጁን ይከተላል። አንቺ አንድ ስም አይተሽ የዘጠና ዓመት ሴትዮ ፊት የባንዳ ልጅ ነዎት ልትዪ ነው?

እሺ፣ አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ጋዜጣውን እኔም አገኘሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፉትስክሬይ ላይብረሪ እየሄድኩ ትሮቭ ላይ መፈለግ ለምጃለሁ። በነፃ ነው፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው ያዘጋጀው። የብሮክን ሂሉ ጋዜጣ ባሪየር ማይነር ከ1888 እስከ 1954 ያለው አለ። ጽሑፉን ማሽን ስላነበበው ግን ፊደል ይሳሳታል፤ ሁልጊዜ ከጎን ያለውን የጋዜጣውን ፎቶ እዪ። ስሙ እርግጥ አለ። በፖሊስ ታጅበው ማዕድኑ ከገቡት አንዱ ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜ የለ። ሰፈር የለ። ስምና የአባት ቤት ስም ብቻ።

አሁን አስቢው። ኮርንዎሎች ትሬ፣ ፖል፣ ፔን የሚል ስም ካየህ የእኛ ሰው ነው ይላሉ። ትሬ ማለት መንደር ነው፣ ፖል ኩሬ፣ ፔን ራስ፤ እንደ እኛ አገር ቦታ ስም። የእማማ ዶሪን አባት ቤት ስምም በትሬ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያ ስም ደግሞ አባትም ዊልያም፣ ልጅም ዊልያም፣ የአጎት ልጅም ዊልያም። ሙንታ ላይ መዳብ በ1861 ሲገኝ እነዚህ ሁሉ ዊልያሞች መጡ። ብሮክን ሂል ብር ሲገኝ ደግሞ ከዚያ ወደዚያ ጎረፉ። አዲስ አበባ መርካቶ መሐል ቆመሽ "ተስፋዬ ከበደ!" ብለሽ ብትጣሪ ስንት ሰው ዘወር ይላል? እንደዚያ ነው።

የልደት ወረቀቱን ያጣሽው ደግሞ ሲድኒ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ መዝገብ ውስጥ ስለፈለግሽ ነው። ብሮክን ሂል በካርታ የኒው ሳውዝ ዌልስ ይሁን እንጂ ሰው የገባው በደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ በአዴሌድ በኩል ነው። ሰዓቱ እንኳ የአዴሌድ ነው፤ ይኸው ከእኔ በግማሽ ሰዓት ወደኋላ ነሽ። ሙንታ የተወለደ ሰው መዝገቡ ደቡብ አውስትራሊያ ነው። እዚያ ከ1842 ጀምሮ አለ። የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ፍለጋ ግን ጊዜሽን አትጨርሺ። ይህ አገር ሰው ይቆጥር ነበር፣ ቆጥሮ ሲጨርስ ስም ያለበትን ቅጽ ያጠፋ ነበር።

የሞት የምስክር ወረቀቱን ባለፈው ስልክ ላይ "ሁሉም ነገር አለበት" አልሽኝ። አለበት። የት ተወለደ፣ ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረ፣ እናቱ ማን ናት። ግን ማን ነው ያስሞላው? ሟቹ አይናገርም። አማች ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል፣ ከቀብር መልስ የሰከረ ወንድም ይሆናል። ከታች የነጋሪው ስም አለ፣ መጀመሪያ እሱን አንብቢ።

ለናቲ ክርስትና የመጣን ጊዜ ማርክ ኮረብታው ላይ ወዳለው የማዕድን ሠራተኞች መታሰቢያ ወስዶን ነበር። አንቺ ሕፃኑን ይዘሽ መኪና ውስጥ ቀረሽ፣ ንፋስ ነበር። ከ800 በላይ ሰው ስም አለ። እማማ ዶሪን በዚያ ባለ ጎማ መደገፊያቸው እየተንፏቀቁ አንድ ስም ፊት ቆሙ። ጣታቸውን ስሙ ላይ አደረጉና "ይሄ የእኛ ነው" አሉኝ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ልክ አንድ ዓይነት ስም ነበር። እሱን በጣታቸው ጥፍር መታ አደረጉትና "ያኛው የእኛ አይደለም" አሉ። ያን ጊዜ አሮጊት ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። ገባሽ አሁን? ሁለቱን ስም የሚለይ አንድ ሰው ነው የቀረው። እማማ ዶሪንን ሳትጠይቂ እንዳታትሚው።

ከዚያ የቆርቆሮውን መስጊድ አየን። ማርክ የግመል ነጂዎቹ ነው አለኝ። ሰዉ ሁሉንም "አፍጋን" እያለ ነበር የሚጠራቸው። ከባሉቺስታን የመጣውም አፍጋን፣ ከፑንጃብ የመጣውም አፍጋን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለ እነሱ አልነበረም የማስበው።

አሁን ወደ ሐረጉ ግራ በኩል ልምጣ። ወደ እኛ። ማህሌት፣ ከበላይዋ ጌታቸው፣ ከሱ በላይ መኮንን ብለሻል። ከወረቀቶቼ ነው የወሰድሽው። አልተሳሳትሽም፣ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።

መኮንን አባቴ አይደለም። አጎቴ ነው።

ይህን በእንግሊዝኛ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ አማርኛ ትምህርት ቤት የወሰድኩሽ ለዚህ ቀን ነው በይኝ።

ከጎንደር ወጥቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጋሼ መኮንን ቀድሞኝ ካርቱም ገብቷል። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በስደተኝነት ተመዝግቦ ፋይሉ ተከፍቶለታል። እኔ ለብቻዬ ብመዘገብ ስንት ዓመት እንደምጠብቅ የሚያውቅ የለም። "ልጄ ነው ብዬ አስገባሃለሁ" አለኝ። ዕድሜው አይደርስም ነበር። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀነስን፣ በእሱ ላይ አራት ጨመርን። ጸሐፊው ስም አለኝ። ጌታቸው አልኩ። የአባት ስም አለኝ። መኮንን አልኩ። ቀና ብሎም አላየኝም። የልደት ቀኔን በፈረንጅ ስለማላውቀው ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈልኝ። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ኬክ ስትገዙልኝ ፊቴ የማይፈታው ለዚህ ነው።

አባቴ አየልኝ ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ጋሼ መኮንን ታናሹ።

ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ፖስታው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያዬ ጋር ካልገጠመ አይሰጡኝም ብዬ ፈራሁና "ጌታቸው መኮንን ብለህ ጻፍ" አልኩት። ጻፈ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ የሰፈር ተማሪ ከጻፈለት ላይ ፊደል በፊደል እየገለበጠ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ለልጁ የታናሽ ወንድሙን ስም አባት አድርጎ በገዛ እጁ። ስድስት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስድስቱም ፖስታ ላይ ሁለተኛው ስም ጋ እስክሪብቶው ጠልቋል፤ ገልብጠሽ በጣትሽ ብትዳስሺው ይታወቅሻል። ውስጡ ግን አንድም ቀን ለምን አላለኝም። ዝናቡ ዘገየ። ጤፍ ተወደደ። እህትህ ወለደች። ጸልይ። ይኸው ነው።

ዜግነት ስወስድ ማስተካከል እችል ነበር። ጋሼ መኮንንን ጣጣ ውስጥ እከተዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንቺ ተወለድሽ፣ መኮንን ተብለሽ ተመዘገብሽ። ከዚያ ወንድምሽ። እናትሽ "ንገራቸው" ስትለኝ ሠላሳ ዓመቷ ነው። አባቴ ሲሞት ታክሲ እየነዳሁ ነበር የሰማሁት። ተሳፋሪውን ኤርፖርት አድርሼ ሂሳብ ተቀብዬ መልስ ሰጥቻለሁ። ሄጄ አልቀበርኩትም። ጋሼ መኮንንም ዐረፈ፣ ነፍሱን ይማር፤ ባለውለታዬ ነው፣ ክፉ እንዳታስቢበት። አሁን ግን የምፈራለት ሰው የለም።

ልጅ ሆኜ አባቴ ሰባት ቤት አስቆጥሮኝ ነበር። እንደ ዘፈን እለው ነበር። ጌታቸው፣ አየልኝ፣ ተሰማ፣ ወልደ ገብርኤል፣ እንግዳ... ከእንግዳ በላይ ጠፋኝ። ሁለት ስም ነው የጎደለኝ። ስልክ በገባ ጊዜ ደውዬ ብጠይቀው በአንድ ትንፋሽ ይነግረኝ ነበር። ስደውል ደግሞ ገንዘቡ ደረሰህ ወይ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ካርዱ አለቀ። ለከርሞ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ከርሞ፣ ከርሞ አልኩ።

እማማ ዶሪን ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ከርሞ እንዳትዪ።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ይደክማቸዋል። ማርክ አብሮሽ ይሁን፣ የእሱ ደም ነው። ሻይ አፍልተሽ ተቀመጪ። በጋዜጣው እንዳትጀምሪ! በመታሰቢያው ላይ ባለው ስም ጀምሪ፤ "የእኛ አይደለም" ያሉት ሰው ማን ነበር በያቸው። ስልክሽን አስፈቅደሽ ቅረጪ። ዝም ካሉ አብረሽ ዝም በዪ፣ አትሙዪላቸው። አያቴ ነው፣ ልክ ነው ካሉሽም ይታተም ወይ ብለሽ ጠይቂ። አይሆንም ካሉ ቁራጩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፤ ናቲ አድጎ የሚያደርገውን ያድርግ። እንደገና እላለሁ፣ ሳትጠይቂ እንዳታትሚው።

በእኛ በኩል ደግሞ መኮንን የሚለውን አትሰርዢው፣ ያደረሰኝ እሱ ነው። ወደ ጎን አድርጊውና መሐል ላይ አየልኝ ብለሽ ጻፊ። በአማርኛ ፊደልም ጻፊው። የሚያትሙት ሰዎች ፊደሉ የላቸውም ካሉሽ በእጅሽ ጻፊ። ፖስታዎቹን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ ለወንድምሽ ሰጥቼዋለሁ፤ ዋናውን አልልክም፣ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ለልደቱ ከመጣን እኛ በቀን ነው የምንነዳው። አንቺም ከሚልዱራ ወዲያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳትነጂ፣ ካንጋሮው ይዘላል።

አባትሽ፣
ጌታቸው አየልኝ

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ናቲን የእርሳስ ብናኝ የደም ምርመራ አስደርጊው፣ ያ ሊድ የሚሉት። የከተማው አፈር ውስጥ አለ። ነርስ ነሽ፣ እኔ ልንገርሽ? ቢሆንም ከበረንዳ ሲገባ እጁን ታጥቦ ይብላ። ውጤቱ ሲመጣ ደውዪልኝ፣ በእኔ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት በፊት ይሁን። በአንቺ ሁለት ተኩል መሆኑ ነው።