እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

መስከረም 5 በመጣ ቁጥር ልጆቼ «ጻፊው እንጂ» ይሉኛል። እማማ ካረፉ ወዲህ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። 1981 ዓ.ም.፣ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ። ቦይንግ 737ቱ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አንዱ ሞተር ወዲያው ጉልበት አጣ፤ ልንመለስ ስንል ሁለተኛውም ከዳን። 104 ነበርን። 35ቱ እዚያው ቀሩ። ከዚህ በላይ መተረክ አልችልም።

እማማ ሆስፒታል የመጡት የራሳቸውን ልጅ ሊያስታምሙ ነበር። እኔ ባሕር ዳር ዘመድ የለኝም። ቤተሰቤ አስመራ ነው፤ ጊዜው ደግሞ የጦርነት ነው፣ እንደልብ አይመጣም። «ይችን ልጅ ማን ያጎርሳታል?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት በሽተኛ ነበራቸው። እጄ በፋሻ ስለተጠቀለለ አጥሚቱን በማንኪያ ይሰጡኛል፤ መጀመሪያ እፍ፣ እፍ ብለው፣ በከንፈራቸው ጫፍ ሞክረው። እምቢ ስል «አንቺ ልጅ፣ ዋጪው! እኔም ቤት አለኝ!» ብለው ይቆጡኛል። የተቃጠለ ፀጉሬን በመቀስ ያስተካከሉልኝም እሳቸው ናቸው። መስታወት ግን ከለከሉኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ ስለተቀመጠችው ልጅ ስጠይቃቸው «ሌላ ክፍል ናት፣ እየተሻላት ነው» ይሉኝ ነበር። ቁጭ ብዬ መብላት ስጀምር አንድ ቀን በጠዋት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው ገቡ። ሳይናገሩ ገባኝ። ያኔ ወዲያው ቢያረዱኝ የምተርፍ አይመስለኝም። ስለዋሹኝም አመሰግናቸዋለሁ።

ስማቸውን ያልጻፍኩት ልጃቸው «እናቴ መወደስ አትወድም ነበር» ስላለኝ ነው። እሱም ልክ ነው፤ ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር።

አብራሪዎቹ፣ ሁለቱም ሞተር ከድቷችሁ ሜዳ ላይ በሆዱ ያሳረፋችሁልን፤ አስተናጋጆቹ፤ እሳቱን ሳትፈሩ ሮጣችሁ የደረሳችሁልን የአካባቢው ሰዎች፤ ሐኪሞችና ነርሶች፤ ከማታውቁኝ ጋር ያለቀሳችሁ ጠያቂዎች፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈል። ብዙዎቻችሁን ስማችሁን ሳልጠይቅ ነው የተለየኋችሁ፤ ቅር እንዳይላችሁ።

አንተም ወንድሜ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ ሆነህ፣ ታመህ ተኝተህ፣ እናትህን ስታካፍለኝ ያላኮረፍከው፦ ለሙት ዓመታቸው እመጣለሁ። ድፎውን የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ለእህቶችህ ከአሁኑ ንገራቸው።