የሐረማያን ዛፎች ተፈጥሮ አልተከለቻቸውም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ያስታውሰዋል። ተማሪዎች ስለ ግቢው ውበት ያወሩበት፣ ለምረቃ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች የተደመሙበት፣ ትልልቅ ፎቶ ያለው። ቆንጆ ነበር። ፎቶውን ማለቴ ነው።

ጽሑፉ ግን አናዶኛል። ዘጋቢያችሁ ግቢውን የሸፈነው ደን የተፈጥሮ ስጦታ ነው ይላል። አንዴ ብቻ ቢሆን ብዕር ስቶት ነው ብዬ አልፈው ነበር። መግቢያው ላይ አለው፣ መሃል ላይ ደገመው፣ ከፎቶው ሥርም አሰፈረው። አሜሪካኖች ሕንጻ ሠሩ፣ ተፈጥሮ ዛፍ ሰጠች፣ ተማሪ ፎቶ ተነሣ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔ የዚያ ግቢ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ከግቢው አጥር ሥር፣ ባቴ በምትባል መንደር ነው። አባቴ ከጃንሆይ ዘመን አንስቶ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እዚያ ችግኝ አፍልቷል። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኔ ተራ ስህተት አይደለም። ሰውየውን ከነዕድሜው ሰርዛችሁታል።

እስቲ በራሳችሁ ፎቶ እንነጋገር። ተመራቂዎቹ ጋዋን ለብሰው የቆሙበት፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ዛፍ ጃካራንዳ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ረጅሙን መንገድ ግራና ቀኝ ይዞ የቆመው ሸውሸዌ የአውስትራሊያ ነው። ግራቪሊያውም የአውስትራሊያ ነው። ባሕር ዛፍማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዚያው ከአውስትራሊያ እንደመጣ የማያውቅ የለም። ታዲያ ተፈጥሮ ይህን ሁሉ በምን አጓጓዘችው? በጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ አውርዳ፣ በደንገጎ አቀበት በጭነት መኪና? ከደረሰችስ በኋላ ገመድ ዘርግታ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክታ፣ መንገዱን ተከትላ በመስመር በመስመር ተከለችው? ጎበዝ ናት በእውነት። ደመወዝ ይቆረጥላት።

አንዷ ተማሪ ግቢውን ስታይ ውጭ አገር የገባች እንደመሰላት ተናግራለች። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ግማሹ ዛፍ የውጭ አገር ነው። ከዘጋቢው ይልቅ እሷ ወደ እውነቱ ቀርባለች።

ጥዱና ወይራውስ የአገር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው። እነሱንም አባቴ ሲያፈላ ዓይቻለሁ። የጥድ ዘር ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናል። ይዘራል፣ ይጠበቃል፣ ዝም ይላል። ሰው ተስፋ ቆርጦ መደቡን ሊገለብጠው ሲል ብቅ ይላል። ብቅ ካለም በኋላ ሥራው ገና ነው። ጥቁር አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ተመጥኖ ይደባለቃል፣ ይነፋል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ይሞላል። ችግኙ ሥሩ ሳይበጠስ ተነቅሎ እዚያ ይዛወራል። የሣር ዳስ ይሠራለታል። ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ክረምት ሲቃረብ ዳሱ ይነሣል፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ ፀሐይና ጥም እንዲለምድ። ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይተከላል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህችን የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ነው። ፎቶ የሚነሣባትን። ከባዱ ግን ከመስከረም በኋላ ነው። ዝናቡ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የዚያ ደጋ ሌሊት እንዴት እንደሚቆረጥም ዘገባችሁ ውስጥ ያሉት አዲስ ገቢ ተማሪዎች ራሳቸው መስክረዋል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበናል ብለዋል። ችግኝ ብርድ ልብስ የለውም። ፍየል ደግሞ ምርምር ይሁን መናፈሻ አታውቅም። አባቴ ሲያጠጣ፣ ሲያጥር፣ ፍየል ሲያባርር፣ የደረቀውን ሲተካ ነው በጋው የሚያልቀው። እናቴ ከእኛ በላይ ለችግኞቹ ያስባል ብላ ትቆጣ ነበር። እውነቷን ነው። እኛ ስንታመም ጎረቤት ያየናል፤ ችግኝ ጎረቤት የለውም።

ስለ አሜሪካኖቹም ቢሆን አጻጻፋችሁ ችኮላ በዝቶበታል። ኮሌጁን የሚያቋቁመው ስምምነት በ1944 ዓ.ም. ተፈረመ። የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ፣ የዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታ መምህራንና ባለሙያ ላከ። ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ እስኪሠራ ትምህርቱ ጅማ ላይ ነበር የተጀመረው። ኮሌጁን ጃንሆይ በ1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። ይህን ሁሉ አልክድም። ብዙ ዕውቀት አምጥተዋል፣ ዘርም አምጥተው ይሆናል። ግን ኮንትራታቸው በ1960 ዓ.ም. አልቆ አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ያሉትን በጋዎች ማን አጠጣ? በ1966ቱ ግርግር ማን አጠጣ? በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ጦርነቱ ሐረር በር ላይ ሲደርስ፣ ማን ጠበቀ?

አሁንም ያልተዋጠለት ካለ አንድ ነገር ያድርግ። አጥሩ ጋ ይቁምና ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይይ። ዝናቡ አንድ ነው። ከፍታው አንድ ነው፣ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ። አፈሩም ያው ነው። ውስጡ ጫካ፣ ከውጭ ያለው ኮረብታ ግን ራቁቱን። ተፈጥሮ ብትሰጥ ኖሮ አጥር ታውቅ ነበር እንዴ? የተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው የምትወደው?

ከውጭ ያለውን ገበሬ ልወቅስ አይደለም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። ማገዶ ያስፈልገዋል። ማሽላ ዘርቶ ከሚያገኘው ጫት ተክሎ የሚያገኘው ይበልጣል፣ ገበያውም አወዳይ ላይ በሩ ላይ ነው። ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል።

ግን እዚህ ላይ ዘገባው የባሰ ነገር ሠርቷል። የሐረማያን ሐይቅ በአንድ አረፍተ ነገር አልፎታል። በድርቅ ጠፋ፣ በተፈጥሮ ኃይል ተመለሰ፣ አለቀ። አያችሁ? በእጅ የተሠራውን ለተፈጥሮ ሰጠ፣ በእጅ የጠፋውንም ለተፈጥሮ ሰጠ። ለሰው የተረፈው ሴልፊ ብቻ ነው።

ሐይቁ ከመንገዱ ዳር ነበር። ዓሣ ይወጣበት ነበር፣ ወፍ ይሰፍርበት ነበር። እሱ ነው እንግዲህ ተፈጥሮ በእውነት የሰጠችን። ሐረር ከተማ በቧንቧ ጠጣችው። አወዳይ ጠጣች። ዙሪያውን የውሃ ሞተር ተተክሎ ቀን ከሌት ወደ ጫቱና ወደ አትክልቱ ተሳበ። ከተራቆተው ኮረብታ አፈር እየታጠበ ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ይግጥ ጀመር። ያኔ እኔ ሐረር ገብቼ ትዳር ይዣለሁ። ጀሪካን ተሸክሜ ቦቴ ስጠብቅ አድሬያለሁ። ልጅ አዝዬ። ኋላ ላይ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ውሃው በረጅም ቧንቧ ሽቅብ እስኪመጣልን ድረስ እንዲያ ነበርን። ለዘጋቢያችሁ ይህ ድርቅ ነው። ድርቅማ በአያቶቻችንም ጊዜ ነበር፣ ሐይቁ ግን አልደረቀም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፣ እሰየው። ዝናቡም ረድቷል። የተፋሰሱ ሥራ፣ እርከኑ፣ ተከላውም አለበት። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ያሳይ ነበር። ግን ማን ጠይቆ?

የማን ድምፅ እንደገባ ልቁጠር ብዬ ዘገባውን እንደገና አነበብኩት። ተማሪዎች አሉ። አንድ መምህር አሉ። እንግዶች አሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ተነሥተዋል፤ ይገባቸዋል። በ1965 ዓ.ም. ከዚያ ተመርቀው፣ ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙ ሰው ናቸው። እኛም ስማቸው ሲጠራ ደስ ይለናል። የአካባቢው ሰውስ? ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ላይ ጫት ይሸጣል። ሌላው ላይ እንግዳ ተቀባይ ነው። የምርምር ማሳውን ያረመው፣ ላሞቹን ያለበው፣ ዛፉን ያጠጣው ሰው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ መስመር አልደረሰውም። አፋን ኦሮሞ ስለሚናገር ይሆን? አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ባቴ ላይ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ሁሉ አማርኛ ትችላለች። ሻይ ስትጠጡ ነበር መጠየቅ።

ይህ ነገር በእናንተ አልተጀመረም፣ ፍርድ ልስጥ። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ግቢው ሄጄ ነበር። አባቴ ሲተክለው ጉድጓዱን አብሬ የጫርኩት አንድ ጃካራንዳ አለ። እሱ ሥር ትንሽ ልረፍ ብዬ ቆምኩ። አንድ ሱፍ የለበሰ እንግዳ ካሜራውን ደቅኖ «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ፎቶው ውስጥ ገቡብን» አለኝ። በትህትና ነው ያለኝ፣ አልዋሽም። ዞር አልኩለት። እሱ ጋዜጠኛ አይደለም፣ አያውቅም። ለእናንተ ሰው ግን እንዲያውቅ ነው የምትከፍሉት።

ደግሞ አንድ ወዳጄ፣ «ውበቱን አደነቁ፣ ምን አስቆጣሽ?» አለኝ። ይህን ነው የሚያስቆጣኝ። አድናቆት ለተፈጥሮ ሲሰጥ ሒሳቡ ይዘጋል። ተፈጥሮ ጡረታ አትጠይቅም፣ ወገቤን አትልም። የሠራው ሰው ግን ወገቡን ያመዋል። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም ነበር። ደግሞም ተፈጥሮ የሰጠችው ደን ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ ዛፉ ሲደርቅ ተፈጥሮ ትተካዋለች ብሎ ነው የሚጠብቀው። አትተካውም። እነዚያ የጥንት ዛፎች አርጅተዋል። አንዳንዱ በንፋስ እየወደቀ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማረሚያ አውጡ። ፊት ገጽ ላይ ይሁን አልልም፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ይበቃል። ከፎቶው ሥር ያለው መግለጫም ይታረም። ድጋሚ ሰው የምትልኩ ከሆነ ለምረቃ ሳይሆን በበጋ ይምጣ። ከአባቴ ጋር የሠሩ ሽማግሌዎች ባቴ ላይ ዛሬም አሉ፣ በሕይወት። ቤታቸውን አሳያለሁ። የትኛው ዛፍ በማን ዘመን እንደተተከለ እየጠቆሙ ይነግሩታል። ዕድሜያቸው ግን ገፍቷልና ነገሩ ለሚቀጥለው ምረቃ አይደር።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ
ከሐረር