ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጢስ ዓባይ፦ ካርዱ የትኛውን ነው የሚለው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጣና ዙሪያ የተሠራውን የካርድ ጨዋታ አድንቃችሁ ጽፋችኋል። ደግ አደረጋችሁ። ታንኳው፣ ደንገሉ፣ እምቦጩ ሳይቀር ካርድ ላይ ወጥቶ ሲታይ ደስ ይላል። ጽሑፋችሁ ግን ከስዕሉ አላለፈም። ቁጭ ብሎ የተጫወተ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ካርዶቹ እርስ በርስ አይግባቡም።

አምባዛው ላይ «ጭቃ ውስጥ ይሰወራል» ተብሏል። ቀረሶው «ይጠልቃል»። ቢልጫው ደግሞ «ወደ ታች ይወርዳል»። ከዚያ የመረቡ ካርድ ይመጣና «የጠለቀ ዓሣ አይያዝም» ይላል። እና አምባዛዬ ተያዘ ወይስ አልተያዘም? እኔ ጠልቋል እላለሁ፣ ጓደኛዬ ተሰወረ እንጂ መቼ ጠለቀ ይለኛል፣ ሌላው የደንቡን ወረቀት ያገላብጣል፣ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቃል የለም፣ በዚህ መሃል ቡናው ይቀዘቅዛል። «ይሰወራል» ማማሩን አልክድም። የሚያምረው ቃል ከስዕሉ ሥር በትንሹ ይጻፍ። ደንቡ ላይ ግን አንድ ድርጊት አንድ ስም ይበቃዋል።

ይባስ ብሎ አንዱ ካርድ ላይ «ዓሣ»፣ ሌላው ላይ «አሳ» ይላል። በተራ ጽሑፍ ማንም አይቸገርበትም። እዚህ ግን ቃሉ ራሱ ደንብ ነው። ነገረኛ ተጫዋች «መረቡ የሚይዘው ዓሣ ነው፣ ይሄ አሳ ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? (እንዲህ የሚል ሰው እኛ ጋ አለ። ስሙን አልናገርም።)

ትልልቆቹም ቢሆኑ በዚህ አልፈዋል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርድ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ፣ ሌሎቹ ፍጡሮች ሲያጠቁ ካርዳቸው ወደ ጎን ሲዞር፣ ሲያጠቃ የማይዞር ፍጡር ነበረው። ይህ ችሎታ ለዓመታት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ኖሮ በ2004 «ቪጂላንስ» የሚል አንድ ቃል ተሰጠው። «ከጨዋታ የወጣ» ይባል የነበረውም በ2009 «ኤግዛይል» ተባለ። ወጣ የተባለውን ካርድ የሚመልሱ ሌሎች ካርዶች ነበሩና፣ ወጥቶ የሚመለስ ነገር ምኑን ወጣ?

ዩ-ጊ-ኦ የሚባለው ሌላ የካርድ ጨዋታ ላይ ደግሞ የካርዱ ስም ራሱ ይሠራል። ስሙ ውስጥ ይህ ቃል ያለበትን ካርድ አንሳ የሚሉ ካርዶች ሞልተዋል። ስሙ ላይ ከተሳሳትክ በኋላ መጠገን ነው። «ሳመንድ ስከል» የሚባለው ካርድ «አርክፊንድ» ከሚባሉት ካርዶች ወገን ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ግን ይህ ቃል የለም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አርክፊንድ ተብሎ ይቆጠራል የሚል መስመር ተጨመረበት።

የእኛዎቹም ይህን መንገድ ሞክረዋል። «ዓባይ የሚል ስም ያለው ካርድ ላይ የቆመ ታንኳ ከሐይቁ ይወጣል» ይላሉ። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ሲያነብ ይስቃል። ዓባይስ እሺ፣ ከጣና የሚወጣው እሱ ነው። ግልገል ዓባይ እኮ ወደ ሐይቁ የሚገባ ነው! ታንኳው በመግቢያው ሊወጣ ነው? ጢስ ዓባይም ስሙ ስላለበት ይቆጠራል፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፏፏቴ ላይ ታንኳ ምን ይሠራል? ስሞቹን መቀየር አይቻልም፣ የአገር ስም ናቸው። ካርዱ ጥግ ላይ «መግቢያ ወንዝ»፣ «መውጫ ወንዝ» ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል። ያኔ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ጉማራ፣ ርብና መገጭም ቦታቸውን ያገኛሉ።

ገዳማቱም እንዲሁ። «ደሴት አይነካም» የሚለው ለዳጋ እስጢፋኖስና ለክብራን ገብርኤል ግልጽ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ያለችው ዘጌ ላይ ነው፣ ዘጌ ደግሞ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። ካርዱ ዓይነቱን አይጽፍም፣ ስዕሉ ዙሪያውን ውሃ አድርጎታል። እኛ ቤት ይህ ክርክር እስካሁን አልተቋጨም።

ሁለተኛ እትም እየተዘጋጀ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አዘጋጆቹ ከማተማቸው በፊት ካርዶቹን በሙሉ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ደርድረው ግሶቹን ብቻ ወደ ታች ያንብቡ። ቢቻል ጨዋታውን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ዝም ብለው ይዩት፣ ሳያስረዱት። የመጀመሪያውን ለገዛነው ደግሞ ማስተካከያ ይገባናል። ማጂክ የድሮ ካርዶቹን የተስተካከለ ጽሑፍ ይፋ ያወጣል፤ ከእነዚህ ልጆች የምንጠብቀው አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ካርዱን የሸጠልን ሱቅ ቢያስቀምጡልን ሄደን እንወስዳለን።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር